ሀልቫርድ ቀፎዎቹን ያሻገረበት ዓመት

ኤልድሪድ የረገጠቻትን ንብ አላየቻትም። ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር፤ ጫማዋን አውልቃ ከቼሪ ዛፎቹ ሥር በበቀለው ባለ አበባ የማገጥ ሣር ላይ ትሯሯጣለች። እናቷ ጉንቮር መሰላል ላይ ወጥታ፣ ወፍ እንዳይጨርሰው ፍሬው ላይ መረብ ትዘረጋ ነበር። የልጇን ጩኸት ሰምታለች። ግን የስምንት ዓመት ልጅ በቀን ስንቴ አይጮህም? ዞር ሳትል ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። ኤልድሪድ ከሕመሙ ይልቅ ንዴቱ በበዛበት ድምፅ፣ ንብ ነደፈችኝ አለች። ጉንቮርም መንደፊያውን በጥፍሯ ፍቃ እንድታወጣው ነግራት ሥራዋን ቀጠለች። እሷ ራሷ እዚያው ዳገት ላይ ተወልዳ ስታድግ ንብ ሳይነድፋት ያለፈ በጋ አታስታውስም።

ከመሰላሉ ስትወርድ ልጅቷ ከድንጋዩ ካብ ሥር ተቀምጣለች። ከንፈሯ አብጧል። አንገቷና ክንዷ በቀይ ሽፍታ ተሸፍኗል።

"እማ፣ ጉሮሮዬን አነቀኝ" አለች። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር።

ባሏ ሹር መኪናውን ይዞ ከተማ ወርዷል። ጉንቮር ልጇን አንስታ ወደ መንገዱ ስትሮጥ ምን እያለች እንደጮኸች ኋላ ሊታወሳት አልቻለም፤ ብቻ የላይኛው ቤት ጎረቤቷ ሀልቫርድ ያቺን አሮጌ መኪናውን እያንገጫገጨ ቁልቁል ሲመጣ አየች። ሀልቫርድ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ብቻውን የሚኖር፣ ከአባቱ በወረሳቸው ቀፎዎች ማር የሚቆርጥ ሽማግሌ ነው። አንድም ነገር ሳይጠይቅ የኋላውን በር ከፈተላቸው። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ፣ በአንድ በኩል ገደል በአንድ በኩል ፊዮርዱ፣ በተራሮቹ መሐል የገባው ባሕር፣ እያለ፣ ባዶ የማር ሣጥኖች ከኋላ እየተንጋጉ እንዴት እንደነዳ ጉንቮር ዛሬም ስታስበው ይዘገንናታል። በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ለጤና ጣቢያው ደወለ። ሐኪሟ መርፌ ይዛ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ልጅቷን የወጋቻት ገና ከመኪናው ሳትወርድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሄሊኮፕተሩና የበርገን ሆስፒታል ነው። ኤልድሪድ ተረፈች። ሐኪሞቹ ለጉንቮርና ለሹር የነገሯቸው ግልጽ ነበር፤ የንብ መርዝ ለዚህች ልጅ አይስማማትም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሊብስባት ይችላል። ከአሁን በኋላ መርፌው ከአጠገቧ አይለይም። ሰውነቷ መርዙን እንዲለምደው ደግሞ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጥ ሕክምና ትጀምራለች፤ ዓመታት ይወስዳል፣ ግን ብዙዎችን አድኗል።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኤልድሪድ ከኋላ ተኝታለች። ባልና ሚስቱ ከፊት ነበሩ። ሁለቱም የሚያስቡት አንድ ነገር ነበር። የሀልቫርድ ቀፎዎች የቆሙት በእሱና በእነሱ እርሻ ወሰን ላይ፣ ከካቡ በላይ ነው። አባቱ ያስቀመጣቸው ቦታ ነው። ቼሪው ባበበ ቁጥር የእሱ ንቦች ወደ እነሱ ዛፎች ይወርዳሉ፤ እሱ ማር ያገኛል፣ እነሱ ፍሬ ያገኛሉ። በዚህ ጉዳይ ተነጋግረው አያውቁም። አያት ከአያት፣ አባት ከአባት እንዲሁ ኖረዋል።

"እኔ እነግረዋለሁ" አለ ሹር በመጨረሻ።

"አንተ አትነግረውም። አንተ ስትናገር ክስ ይመስላል።"

"ታዲያ ማን ሊነግረው ነው?"

"እኔ" አለች ጉንቮር፤ ቤት እስኪደርሱ ድረስም ልትለው የምትችለውን ሁሉ በልቧ ስታወጣና ስታወርድ መጣች። ልጃችንን በመኪናህ አድርሰህ አትርፈሃታል፤ አሁን ደግሞ የአባትህን ንቦች አንሣልን። ይህን ሰው ለሰው እንዴት ብሎ ይናገራል?

መኪናው ግቢ ሲገባ ቀና ብላ ወደ ወሰኑ አየች። ቀፎዎቹ የሉም። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት ሣጥኖች በቆሙበት ቦታ የገረጣ ሣር ብቻ ቀርቷል።

በማግሥቱ ሀልቫርድ ልጅቷን ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ጉንቮር ደጃፉ ላይ ይዛው ስለ ቀፎዎቹ ጠየቀችው።

"ተሻገሩ" አለ።

"ወዴት ተሻገሩ?"

"ማዶ። የሚስቴ ወንድም መሬት ላይ። እዚያ እንጆሪ ሞልቷል፤ ይወዱታል።" ኮፍያውን አውልቆ እግሩን በር ላይ ጠረገ። "ራቅ ካላደረግሻቸው የድሮ ቦታቸውን ፍለጋ ይመለሳሉ። ለዚያ ነው ውሃ ያሻገርኳቸው። ልጅቷ የት አለች?"

ያን ሁሉ ቃል ስታዘጋጅ ሰንብታ አንዱም አልወጣላት። ወደ ውስጥ አስገባችው። በአገሩ ቡናማ አይብ ሁለት ቁራሽ ዳቦ በላ፤ ኤልድሪድ በሄሊኮፕተር ስትበር ተራራውን ከላይ አይታው እንደሆነ ጠየቃት። አላየሁም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር ስትለው በጣም አዘነ። እኔ ብሆን ለአንድ ደቂቃም አልጨፍንም ነበር አላት።

ያ በጋ ቀላል አልነበረም። ኤልድሪድ ከቤት አልወጣ አለች። አንዲት ዝንብ መስታወቱ ላይ ጢዝ ካለች ጮኻ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ሙቀቱ ቢበረታም መስኮት አይከፈትም። ለለቀማ የመጡት ሰዎች ከቤቱ ፊት ለፊት ሲሳሳቁ እሷ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ታያቸዋለች። ሹር በበኩሉ ሌላ ጭንቀት ገብቶታል። የዘንድሮው ፍሬ ቀድሞ ስለያዘ ችግር የለውም፤ የሚመጣው ዓመትስ? ንብ የሌለበት የቼሪ እርሻ ምን ሊያፈራ ነው? ጉንቮር ከልጄ አይበልጥም ትለዋለች፤ እሱም አይበልጥም ይላል፤ ግን ማታ ማታ ከካቡ አጠገብ ቆሞ ያን የገረጣ ሣር ሲያይ ታገኘዋለች።

በዚህ መሐል ሹር ከዕቃ ቤቱ ወለል ሥር ጉርምርምታ ሰማ። ጠጋ ብሎ ሲያይ፣ የድሮ የአይጥ ጉድጓድ በነበረው ቀዳዳ ንቦች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ወዲያው ሲሚንቶ አቦክቶ መጣ። ጉንቮር ይህን ከመስኮት አይታ ስትወጣ ሀልቫርድ ቀድሟት ደርሷል።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለው ሹርን።

"ልደፍነው ነዋ። ልጄን በአንድ በጋ ሁለቴ ሆስፒታል አልወስድም።"

ሀልቫርድ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን አየና፣ "እነዚህ እኮ የኔ ዓይነቶቹ አይደሉም" አለ።

"ንብ ያው ንብ ነው።"

"ተው እንጂ። ሳልሞንም ኮድም ዓሣ ነው፤ አንዱን በሌላው ስም ብሸጥልህ ዝም ትለኛለህ?"

ሹር ሳቁን ሊይዘው ሞከረ፣ አልቻለም። ሲሚንቶውን አስቀመጠ።

ሀልቫርድ እዚያው እንጨት ላይ ተቀምጦ ነገሩን አስረዳቸው። እነዚህ ጠጉራሞቹ ናቸው፤ ወፋፍራም፣ ፀጉር የለበሱ፣ ጭራቸው ላይ ነጭ ያለባቸው። የእሱ የማር ንቦች ቀጫጭኖች ናቸው፤ አንዱ ቀፎ ብቻውን ከተማ ነው፣ በአሥር ሺዎች ይኖሩበታል። እዚህ ወለል ሥር ያለው ግን ከአንዲት እናት የተወለደ ቤተሰብ ነው፤ ቢበዛ ጥቂት መቶ ቢሆኑ ነው። የማር ንብ ለክረምት የሚሆን ብዙ ማር ስለሚያከማች ጎተራውን ይጠብቃል፣ ደጁ ላይ ዘብ ያቆማል። ጠጉራሞቹ የሚጠብቁት ብዙ ነገር የላቸውም፤ ለዝናብ ቀን የሚሆን ጠብታ ማር ቢያስቀምጡ ነው። የማር ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋ ቆዳ ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና ትሞታለች። ጠጉራሟ ደግማ መንደፍ ትችላለች፤ ግን ካልረገጧት ወይም ቤቷን ካልነኩባት ወደ ሰው አትዞርም።

"አልዋሻችሁም" አለ። "መርዛቸው ከኔዎቹ መርዝ ጋር ይዛመዳል። ሐኪሟን ጠይቋት።"

ጉንቮር ደወለች። ሐኪሟም ነገሩን አላቀለለችውም፤ ልጅቷ እንዳትጠጋቸው፣ መርፌው ቅርብ እንዲሆን አስጠነቀቀች። ሆኖም ከመኖሪያ ቤቱ ርቆ ዕቃ ቤት ሥር ያለ፣ መኸር ሲመጣ በራሱ የሚያልቅ ጎጆ ከሆነ በገመድ አጥረው ቢተዉት እንደማይከፋ ነገረቻት። ሹር በገመድ አጠረው። ሲሚንቶው ባልዲው ውስጥ ደረቀ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሀልቫርድ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ከኤልድሪድ መስኮት ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ቡናውን በፔርሙስ ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የሚያወራው ብቻውን ይመስል ነበር። ድምፃቸውን ስሚ ይላታል በመስታወቱ፤ የማር ንብ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ጠጉራሟ ግን ዳገት እንደሚወጣ አውቶቡስ ነው የምታጉረመርመው። ውሎ አድሮ ኤልድሪድ መስኮቱን ለጣት ያህል ከፈተችው። በኋላም ጨዋታ ሆነ። የአትክልቱ አበባ ላይ ያረፈውን እያየች "ጠጉራም" ወይም "ማር" ብላ ትጠራለች፤ እሱ ይፈርዳል።

"ማር" አለች አንድ ቀን፣ መስኮቱን መልሳ እየዘጋች።

ሀልቫርድ ተነሥቶ አበባው አጠገብ ሄደ። "ይቺማ ዝንብ ናት። የንብ ልብስ ለብሳ ነው። እስቲ ክንፏን ቁጠሪ፤ ሁለት ብቻ። በዝንብ ነው መስኮት የዘጋሽው?"

"ከዚህ ሆኜ ክንፍ እንዴት እቆጥራለሁ?"

"ውጪና ቁጠሪያ።"

ጉንቮር ወጥ ቤት ሆና ይህን ስትሰማ እጇ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቆመ። በሩ ሲከፈት ሰማች። ልጇ ጫማ አድርጋ፣ ረጅም ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ስባ፣ የመርፌውን ቦርሳ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ደጃፉ ላይ ወጣች። ብዙ አልራቀችም። ሦስት እርምጃ ብትሄድ ነው፤ ከዚያ ተመለሰች። ጉንቮር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

ነሐሴ ሲያልቅ፣ ጠዋት ጠዋት ጤዛው ሲበረታ፣ ሀልቫርድ ኤልድሪድን ከነእናቷ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ኮሸሽላ ወሰዳቸው። ሐምራዊው አበባ ላይ አንድ ጠጉራም ንብ በጤዛ እንደራሰ ተኝቷል። ሀልቫርድ መነጽሩን አድርጎ አስተውሎ አየው። ፊቱ ላይ ቢጫ ፀጉር አለው፤ የኋላ እግሩ ላይ ሴቶቹ የአበባ ብናኝ የሚሸከሙበት ቦታ የለውም።

"ድንጉላ ነው" አላት። "ወንዶቹ መንደፊያ የላቸውም። የኔም፣ እነዚህም፤ እዚህ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ልዩነቱ የኔዎቹ ወንዶች ማታ ቤት ገብተው በሰው ማር ይቀለባሉ። ይሄ ምስኪን አንዴ ከቤት ከወጣ ውጭ አዳሪ ነው።"

ንቡን መዳፉ ላይ አደረገውና ጎንበስ አለላት። ኤልድሪድ እናቷን አየች። ጉንቮር አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ አንድ ጣቷን ዘርግታ ጀርባውን ነካችው። ንቡ መካከለኛ እግሩን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አነሣ።

"ምን እያለ ነው?"

"ተይኝ፣ እንቅልፌን አልጨረስኩም እያለሽ ነው።"

ኤልድሪድ ሳቀች። ጉንቮር ያንን ሳቅ ከሰኔ ወዲህ አልሰማችውም ነበር።

መኸር መጥቶ ጎጆው ጸጥ ሲል፣ ሀልቫርድና ሹር የዕቃ ቤቱን ወለል አንሥተው አሳዩዋት። ከሰም የተሠሩ፣ እንደ እንቡጥ ክብ የሆኑ ማሰሮዎች ክምር ነበር፤ በሁለት እጅ ይታፈሳል። ኤልድሪድ የት ሄዱ ብላ ጠየቀች። ሀልቫርድ አልሸፋፈነላትም። አሮጊቷ ንግሥትም ሠራተኞቹም ሞተዋል። የማር ንቦች ክረምቱን ንግሥታቸውን ከበው፣ ተጠጋግተው፣ ማራቸውን እየበሉ ያልፋሉ፤ እነዚህ ግን ወጣቶቹን ንግሥቶች ብቻ ያስቀራሉ። እነሱም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አፈር ውስጥ ገብተው ይተኛሉ። ብርድ ሲያልቅ ተነሥተው ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። ልጅቷ ማሰሮዎቹን በወረቀት ጠቅልላ ትምህርት ቤት ይዛ ሄደች። ሹር በዚያው ሰሞን ከካቡ ሥር ያለውን ያደገ ሣር አላጨደም፤ ወንዝ ዳር ሊቆርጠው የነበረውንም አኻያ ተወው። ሀልቫርድ ንግሥቶቹ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ መጀመሪያ የሚፈልጉት የአኻያ አበባ እንደሆነ ነግሮት ነበር።

የሚቀጥለው ግንቦት ክፉ ነበር። ቼሪው በነጭ አበባ ከተሸፈነበት ቀን ጀምሮ ዝናቡ አላባራም፤ ከተራራው በረዶ የሚወርደው ነፋስ እጅ ያደነዝዛል። በብሔራዊው በዓል ዕለት ልጆቹ ባንዲራቸውን በአንድ እጅ፣ ጃንጥላቸውን በሌላ እጅ ይዘው ተሰለፉ። በመንደሩ የሚወራው ስለ አበባ ብቻ ሆነ። ለእርሻቸው ቀፎ ያስመጡ ሰዎች ደጁ ላይ ቆመው ያያሉ፤ ንቦቹ አይወጡም። የማር ንብ ብርድና ዝናብ አትደፍርም፤ ፀሐይ እስኪወጣ ቤቷ ትቀመጣለች። ሹር ዘንድሮ አለቀልን ብሎ ተስፋ ቆርጦ ሶፋው ላይ ተጋድሟል።

ኤልድሪድ የዝናብ ልብሷን ለብሳ ወጥታ ነበር። ተመልሳ በሩን ከፍታ ከነጭቃዋ ገባች።

"እማ፣ አባ፣ ኑ እዩ። አውቶቡሶቹ እየሠሩ ነው።"

ተከትለዋት ወጡ። ካፊያው እየወረደ፣ ትንፋሻቸው እየታየ፣ ትልልቆቹ ጠጉራም ንግሥቶች ከአበባ አበባ እያጉረመረሙ ይዘላሉ። የበረራ ጡንቻቸውን እያንቀጠቀጡ ሰውነታቸውን ያሞቃሉ፤ ፀጉራቸው ሙቀቱን ይይዝላቸዋል፤ ለዚህ ነው ብርድ የማይበግራቸው። ይህን ያስረዳቻቸው ኤልድሪድ ናት፣ ከዛፉ ሁለት ክንድ ርቃ ቆማ፣ ቦርሳዋን በእጇ ይዛ። ሹር ዝናቡ ኮፍያው ላይ እየወረደ ንግሥቶቹን በዓይኑ ተከተለ። ከዚያ ልጁን ራሷ ላይ ሳማት።

ፍሬው እንደ ድሮው ሙሉ አልነበረም። ብዙ ቅርንጫፍ ባዶውን ቀርቷል። ነገር ግን በዚያ ዳገት ላይ ለለቀማ ሰው የጠራ እርሻ ጥቂት ነበር፤ ከጥቂቶቹ አንዱ የእነሱ ሆነ።

ጉንቮር የመጀመሪያውን ቅርጫት ለሀልቫርድ ልታደርስ ስትሄድ መኪናው ላይ ሣጥን ሲጭን አገኘችው። ማር የሚቆርጥበት ቀን ነው፤ ወደ ማዶ መሻገሩ ነበር። ወገቡን ይዞ ቆም ሲል አየችና ሳትጠይቀው ጎን ወንበሩ ላይ ወጣች። ለመሻገሪያ ጀልባው ተራ ጠበቁ፤ ተሻገሩ። ማዶ ደርሰው መኪናው የሚሄድበት መንገድ አለቀ። ከዚያ በኋላ ቀፎዎቹ እስካሉበት ድረስ ያለው አቀበት በእግር ነው፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ባዶ ሣጥን ይዘው ወጡ፣ ማር የሞላ ሣጥን ተሸክመው ወረዱ፤ ደግመው ወጡ። ጉንቮር ትከሻዋ ሲዝል ቆማ ወደ ታች አየች። ይህ ሰው ድሮ ማሩን የሚቆርጠው ከወጥ ቤቱ በር ጥቂት ራመድ ብሎ ነበር። ዓመት ሙሉ በዝናብም በበረዶም እዚህ ሲመላለስ ኖሯል፤ ከመስኮቷ ሥር ተቀምጦ ቡናውን ሲጠጣ አንድ ቀን እንኳ ይህን አላነሣም።

ሲመለሱ ጀልባው ላይ ከመኪናው ወርደው የጀልባውን ዳር ብረት ተደግፈው ቆሙ። ጉንቮር ያኔ ያልወጣላት ቃል አሁን መጣላት።

"ሀልቫርድ፣ አመሰግንሃለሁ። ስለ መኪናው፣ ስለ ቀፎዎቹ፣ ስለ አግዳሚው። ያን ጊዜ መናገር አቅቶኝ ነው።"

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ውሃው መለሰ።

"ቀፎዎቹን ያሻገርኳቸው ደግ ስለሆንኩ እንዳይመስልሽ" አለ። "እኔ ግትር ሰው ነኝ፤ ሚስቴ በሕይወት ብትኖር ትመሰክርልሽ ነበር። መጥተሽ አንሣልን ብትይኝ ኖሮ፣ የአባቴ ቦታ ነው ብዬ እምቢ እልሽ ነበር። ራሴን ስለማውቅ ነው ከሆስፒታል ሳትመለሱ የፈጠንኩት።"

"ቢሆንም" አለች ጉንቮር።

"ቢሆንም" አለ እሱም። "ደግሞ እኔም አተረፍኩ። ከሚስቴ በኋላ ከሰዓት በኋላው አያልቅልኝም ነበር።"

ጉንቮር ክንዷን በክንዱ ውስጥ አስገባች። ከፊት ለፊታቸው፣ ከቼሪው ዳገት በታች፣ ኤልድሪድ መርከብ ማቆሚያው ላይ ቆማ ሁለት እጇን ታውለበልብ ነበር። ሀልቫርድ ኮፍያውን አውልቆ መለሰላት፤ ማሩ ዘንድሮ እንጆሪ እንጆሪ እንደሚልና ልጅቷ ቀድማ እንድትቀምሰው ለጉንቮር ነገራት። ጀልባው እስኪጠጋ ድረስ ኮፍያውን ራሱ ላይ አልመለሰውም።